ውሻዬን ዝም ማሰኘት

አምቦ ውስጥ ከተከራየሁባቸው ግቢዎች ሁሉ አንዱን ከሩቅ ሳየው እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። አከራዬ ገና ዕቃዬን አውርጄ ሳልጨርስ ውሻዬን ከላይ እስከ ታች ገልምጣ፣ «ይኼም አብሮሽ ነው?» አለችኝ። አብሮኝ ነው አልኩ። በሥራ የተዛወርኩት ጎጆ ከምትባል ከተማ ነበር። እዚያ ቢሮዬ ከቤቴ አጠገብ ስለነበር፣ ውሻዬ ቀኑን ሙሉ የቢሮው ደጃፍ ላይ ተጋድሞ ይውላል። ብቻውን መቅረት የሚባል ነገር አያውቅም።

አምቦ ላይ አወቀው። ጠዋት ቆልፌበት ስወጣ መጀመሪያ በሩን ይቧጥጣል፤ ከዚያ አንገቱን ቀና አድርጎ ያላዝናል። ውሻ ሲያላዝን ደግሞ ሰው ሊሞት ነው ይባላል። የአከራዬ ባል ታመው ቤት ከዋሉ ቆይተዋል። በቃ፣ ውሻዬ ሽማግሌውን ሊገድልባት የመጣ ሆነ!

«እኛ ጴንጤዎች በሟርት አናምንም፣» አለችኝ አንድ ቀን ከሥራ ስገባ በር ላይ ጠብቃ፣ «ግን እስከ መስቀል ዝም ካላሰኘሽው መርዝ እሰጠዋለሁ።»

አታምንም እኮ! ባታምን ነው መርዝ የምታዘጋጀው!

«አዴ፣» አልኳት፤ አክብሬ መጥራቴ ራሱ አናደደኝ፣ «ውሻዬን ቢነኩት አልምርዎትም።»

ሌላ ቤት ፈለግሁ። ውሻ አለኝ ስል ሁሉም በሩን ዘጋብኝ። ስለዚህ የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ውሻዬን ብቻውን መዋል ማስተማር ጀመርኩ። ጫማዬን አጠልቄ፣ ቁልፌን አንሥቼ፣ የትም ሳልሄድ መልሼ እቀመጣለሁ። ያ ሲሰለቸው በሩን ዘግቼ ወጥቼ፣ ማላዘን ሳይጀምር እመለሳለሁ። ቀጥሎ እስከ አጥሩ፣ ቀጥሎ እስከ አስፋልቱ። ስወጣ አልሰናበተውም፤ ስገባም አላቅፈውም። የለበስኩትን ሹራብ ሳላጥበው እተውለታለሁ።

«ያ ዋቃዮ፣ አምላኬ!» ትላለች አከራዬ ልብስ እያሰጣች፣ ጎረቤት እንዲሰማላት ጮክ ብላ። «ባል አጥታ የውሻ አስተማሪ ሆነች!» ምላሷን ይቁረጠውና!

ሽማግሌው ፀሐይ እየሞቁ ያዩኛል። አንድ ቀን እየሳሉ፣ «ተያት፤ ብቻዬን መዋል ለኔም አይሆንልኝም፣» አሏት።

«አንተ ደግሞ ዝም በል!» አለችና የተንሸራተተ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ መለሰችላቸው።

መስቀል ሳይደርስ ውሻዬ ዝም አለ። ሥራ ገባሁ። ከሥራ ስመለስም ፊቷ ቆሜ፣ «ይኸው! ሌላስ ምን አለዎት?» አልኳት። ጀርባዋን ሰጥታኝ ገባች። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከመስቀል በኋላ አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ግቢው በሰው ተሞልቷል። አከራዬ እኔ ከወጣሁ በኋላ ለባሏ ልትጸልይ ጸሎት ቤት ሄዳ ነበር። ስትመለስ አልጋቸው ላይ ሞተው አገኘቻቸው። ማንም አጠገባቸው አልነበረም። እኔን ስታይ ለቀስተኛውን ገፍታ መጣችና ክንዴን ጨምድዳ ያዘች።

«ለምን ዝም አሰኘሽው?» ብላ ጮኸችብኝ። «ቢያላዝን ኖሮ ጥዬው እወጣ ነበር? አንቺ ነሽ ብቻውን እንዲሞት ያደረግሽብኝ!»

«ዝም ይበል ያሉት እርስዎ አይደሉም ወይ?» ብዬ እኔም ጮህኩባት፣ በዚያ ለቅሶ መሃል። ሴቶቹ «ኧረ ነውር ነው!» አሉኝ። ነውር ነው፤ አውቃለሁ። ግን ውሸት ነው እንዴ?

ክንዴን አስለቅቄ በሬን ከፈትኩ። ውሻዬ ሹራቤ ላይ ተኝቷል። እንዳስተማርኩት ከቦታው ሳይነሣ ጭራውን ብቻ ነቅነቅ አደረገ። ውጭ ሴትዮዋ ባሏን እየጠራች ታለቅሳለች።

«በል እንግዲህ፣ አሁን ጩኽ!» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝና ጭንቅላቱን መልሶ ሹራቤ ላይ አሳረፈ።