አንድ ዙር የጎደለው ክዳን

ማተቤን የቆረጥሁት በገዛ እጄ ነው። ጎንደር፣ ወደ እስራኤል ልንሄድ ሦስት ቀን ሲቀረን፣ በር ላይ ቁጭ ብየ በምላጭ ቆረጥሁት። ቁረጪ ያለችኝ ግን የባሌ ታላቅ እህት ናት። ከእኛ ቀድማ እዚያ፣ ሐዴራ ከተማ ገብታ ነበርና በስልክ፣ «አንገትሽ ላይ ያለውን ይዘሽ እንዳትመጪ፤ ሁላችንንም ታሰድቢናለሽ» አለችኝ። ይህችው ሴት ፍልሰታን ከእኔ ጋር ስትጾም፣ ከእኔ ጋር ስታስቀድስ የኖረች ናት።

የባሌም የእኔም አያቶች ቤተ እስራኤል ሆነው ተወልደው በኋላ የተጠመቁ ናቸው። እኛ ወደ እነሱ ሃይማኖት ተመልሰናል ብለን መጣን። ሌላው በልቡ ምን እንደያዘ አላውቅም። እኔ ክርስቶስን ትቼ አልመጣሁም፤ ለማንም አልተናገርሁም እንጂ። አሁን ብጽፈው የሚወሰድብኝ ነገር አልቀረም።

የመጀመሪያ ልጄ አግብታ ስለነበር ፋይሏ ለብቻ ነበር። «እናንተ ቅደሙ፣ እሷ በዓመቷ ትከተላለች» ተባልን። ያን ቀን ማተቡን ከእጄ ተቀበለችኝና በሙዳይዋ አፍ ዙሪያ አዞረችው። ሙዳዩን የሰፋሁላት እኔ ነኝ፤ ክዳኑን ሳልጀምር ጉዞው ደረሰ። የክሩ ጫፍና ጫፍ ልክ ተነካካ።

«በይ እማየ፣ ልኩ ይኸው። ክዳኑን እዚያ ሆነሽ ሥሪልኝ፤ መጥቼ እወስደዋለሁ» አለችና ክሩን መለሰችልኝ።

ሐዴራ፣ ቤት ኤሊዔዘር የሚባለው ሰፈር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቤት ሰጡን። ባሌ የሞተው ከመምጣታችን በፊት ነው፤ አብሮኝ የመጣው ትንሹ ልጄ አድጎ ወታደር ቤት ገባ። ለትልቋ የተባለው ዓመት አለፈ፣ ሁለተኛውም አለፈ። በየጊዜው ሚስራድ እሄዳለሁ፤ እዚህ ቢሮውን ሚስራድ ነው የምንለው። አንድ ቀን ጸሐፊዋ ወረቀቱን አገላብጣ፣ የልጄ ባል ክርስቲያን እንደሆነና ሠርጋቸውም በቤተ ክርስቲያን እንደነበረ የመሰከረ ዘመድ አለ አለችኝ። ስም አልነገረችኝም። መንገር አላስፈለጋትም፤ በሠርጉ ላይ እልል ካሉት ውስጥ ሐዴራ ያለችው አንዲት ሴት ብቻ ናት።

በዚያው አውቶቡስ ይዤ ነቬ ሐይም ወደሚባለው ሰፈር፣ ወደ ባሌ እህት ቤት ሄድሁ። ምስር እየለቀመች ነበር፤ ቀና እንኳ አላለችም።

«ተጠይቄ ነው» አለችኝ። «ውሸት ልናገር?»

«አንቱስ በዚያ ሠርግ የት ነበሩ?»

«እኔማ ተመልሻለሁ። አንድ እግርሽን እዚያ የተከልሽው አንቺ ነሽ።»

«ልጄ ምን አደረገችዎ?»

«ልጅሽን ማን ነካት? የተናገርሁት ስለ ባሏ ነው።»

«ታዲያ ባሏን ፈታ ትምጣ?»

«እኔ እንጃ። ሚስራዱ እኔ ነኝ እንዴ?»

የሰጠችኝን ውኃ ሳልቀምስ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ አንቱታው በአፌ ብቻ ቀረ፤ በልቤ አንቺ ናት። እስከዛሬም እንዲሁ ናት።

እሑድ እዚህ አገር የሥራ ቀን ነው። ለእኔ ከሁሉም የሚከብደኝ ይህ ነበር። በኋላ የሰፈራችን መትናስ፣ የሰፈሩ ሰው የሚሰበሰብበት ቤት ማለት ነው፣ ስፌት የሚችሉ ሴቶችን እሑድ ጠዋት መሰብሰብ ጀመረ። ሳያውቁት ቀኔን መለሱልኝ። ወስፌየንና ሣሬን ይዤ እሄዳለሁ። ስንደዶ ስለሌለ ከወንዙ ዳር ያጨድነውን ሣር እናደርቃለን፤ ቀለም ነክረን እንሰፋበታለን። ሌሎቹ ያወራሉ። እኔ ወስፌውን በወጋሁ ቁጥር በልቤ «ማረኝ» እላለሁ፣ ሣሩን በሳብሁ ቁጥር የልጄን ስም እጠራለሁ። አንድ ዙር ሲያልቅ አንድ ጸሎት አለቀ ማለት ነው። ማንም አላወቀብኝም። በዝምታዬ ምክንያት ኩሩ ይሉኝ ነበር፤ ይበሉ።

የልጄን ክዳን የጀመርሁት እዚያ ነው። ማተቡን ከደበቅሁበት የክብሪት ቀፎ አውጥቼ ልኩን ያዝሁበት።

እሱን እየሰፋሁ ሳለ የባሌ እህት ታመመች። ቀኝ ጎኗ ደከመ፣ አፏም ተጣመመ። አንድ እሑድ መትናስ አመጧት። የምታስተባብረን ልጅ እዚሁ የተወለደች፣ አማርኛዋ ግማሽ የሆነ፣ አንቱ ማለት የማታውቅ ናት።

«ሳብታ፣ አንቺ አጠገብ ትቀመጥ፣ ቤሴደር? አንድ ላይ ትሰራላችሁ።»

ሳብታ አያቴ፣ ቤሴደር እሺ ማለት ነው። ቤሴደር አይደለም ማለት ነበረብኝ። ሣሬን ሰብስቤ ቦታ ለቀቅሁላት። በአንድ እጅ ስፌት አይሰፋም፤ ሣሩን የሚይዝ ሌላ እጅ ይፈልጋል።

«ያዥልኝ» አለችኝ።

ያዝሁላት። ወራት ሙሉ «ጠበቅ አርጊው»፣ «ላላ አርጊው» ካልሆነ በቀር ሌላ ቃል አልተነጋገርንም። ጌታን ወደ ስቅላቱ ሲወስዱት ከመንገድ ይዘው መስቀሉን ያሸከሙት ሰው ነበር። ልጅ ሆኜ ይህን ስሰማ ደግ ሰው ይመስለኝ ነበር። የሷን ሣር ይዤ ስቀመጥ ግን ያ ሰውየ በልቡ ሳይራገም አልቀረም አልሁ። ወደ ጉዳዩ ሲሄድ ነው የያዙት፤ ፈቅዶ አልተሸከመም። ቢሆንም ተሸከመ፣ ያም ተቆጠረለት። መከራየ ለምን እንደሆነ ለዓመታት ስጠይቅ ያገኘሁት መልስ ይህ ብቻ ነው። ትንሽ ነው፤ ግን የእኔ ነው።

ክዳኑ ሊያልቅ ሲል አየችው።

«ጠቧል» አለች።

«በልኩ ነው።»

«በምን ልክ?»

ክሩን አሳየኋት። ምን እንደሆነ አውቃለች፤ በግራ እጇ ጫፉን ዳሰሰችው። ከዚያ፣ «ይህ የወንዝ ዳር ሣር ነው። እዚህ ባሕሩ አርጥቦት ነው የተነፋው፤ እዚያ ደረቅ አገር ሲደርስ ይሰበሰባል። ጠርዙን ፍችውና አንድ ዙር ጨምሪ» አለችኝ።

«ስለ ልጄ ምክር አልጠየቅሁዎ።»

ልክ እንደሆነች እጄ ያውቅ ነበር። ከሷ አፍ ስለወጣ ብቻ አልጨመርሁም። ጎንደር ለሚሄድ ሰው ሰጥቼ ላክሁት።

ከወር በኋላ የስልክ ካርድ ገዝቼ ደወልሁ።

«እማየ፣ አልገጠመም» አለች ልጄ።

«ቀስ ብለሽ ግፊው።»

«ገፋሁት። እንደ ሕፃን ቆብ ላዩ ላይ ቁጭ ብሏል።» ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ካርዱ አለቀ።

የሚቀጥለው እሑድ ለባሌ እህት ነገርኋት። አላልሁሽም? ትላለች ብየ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። አላለችም። በግራ እጇ ወስፌዋን አስቀመጠችና፣ «ሚስራድ ውሰጂኝ» አለች።

ደግፌ በአውቶቡስ ወሰድኋት። ከጸሐፊዋ ፊት በተጣመመ አፏ ስትናገር የማስረዳው እኔ ነበርሁ። «የኔ ልጅ በባሏ ምክንያት ተከልክላ ቀርታለች» አለች። «የሷ ልጅ ልትመጣ ነው ብየ ቀንቼ ነው የተናገርሁ። ለሃይማኖት ብየ አይደለም።» ልጇ ጎንደር እንደቀረች አውቅ ነበር። ስንጠይቃት ግን «ራሷ አልመጣም አለች» ነበር የምትለን። ያን ሁሉ ዓመት አንድ ናፍቆት ይዘን፣ እሷ በነቬ ሐይም እኔ በቤት ኤሊዔዘር፣ ጀርባ ተሰጣጥተን ኖርን።

ጸሐፊዋ ጻፈች። መልሱ ከብዙ ወራት በኋላ መጣ፤ አይሆንም ነው የሚለው። የተመሰከረው ነገር እውነት ነበርና በክፋት መነገሩ አልለወጠውም። ልጄም መጠበቁን ተወች። እዚያው ቤት ሠራች፣ እዚያው ወለደች። የልጅ ልጆቼን በፎቶ ነው የማውቃቸው።

ሁለተኛውን ክዳን ከባሌ እህት ጋር ሰፋነው። እኔ ሣሩን እይዛለሁ፣ እሷ በግራ እጇ ትስባለች፤ አንድ ዙር ጨመርን። ሳይላክ ክረምት ገባና አረፈች። ይቅር ብለሻታል ወይ ብትሉኝ፣ ገና ነኝ። አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶ ሲሆን ግን እሑዴ ይጎድላል።

ክዳኑን ልኬ ጎንደር ሲደርስ ደወልሁ።

«ገጠመ፣ እማየ።»

«ስልኩን አስጠጊልኝና ክደኚው።»

ሣር በሣር ላይ ሲፈተግ ተሰማኝ፤ ከዚያም ግጥም ብሎ ቁጭ ሲል።

«ሰማሽ?»

«አልሰማሁም» አልኋት። «ክፈችውና ደግመሽ ክደኚው።»