የእትዬ ሜትር ጨጓራ

ሰው ሁሉ ሐኪም በሆነበት ሰፈር እንደ መታመም ያለ ጣጣ የለም። የማያምን እትዬ ሜትርን ይጠይቅ። ሜትር የወጣላት ስም ነው። ልብስ ሰፊ ናት፤ የልኬት ሜትሯ ከአንገቷ ወርዶ አያውቅም፣ ድንች ልትገዛ ስትወጣም አንጠልጥላው ትወጣለች። ደግሞ ለስሙ አይደለም፣ የሰው ልክ በዐይኗ ታውቃለች። አንዷ ደንበኛ ገና ከበሩ ስትገባ «ይቺ ወገቧ ሰማንያ ነው፣ ሰባ ሁለት ነው ብላ ልትከራከረኝ ነው» ትላለች በሆዷ። ሴትየዋ ገብታ ሰባ ሁለት ነው ትላለች። ይለካል፤ ሰማንያ። የሰፈሩ ሴት ስትወፍር ከባሏ ቀድማ የምታውቀው እሷ ናት። የራሷ ቀሚስ ሲሰፋት ግን ምንም ሳትል ጎንና ጎኑን ታጠባለች። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኼ ነው።

ሕመሙ የጀመራት ልጇ ሁለት ዓመት ሲሞላት ግድም ነው። ሆዷ ይነፋል፤ ጠዋት የተቆለፈ ቀሚስ ከሰዓት አይቆለፍም። አንድ ሳምንት ሽንት ቤት ስትመላለስ ትከርማለች፣ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ጭራሽ ይደርቅባታል። አፏ ውስጥ ይቆስላል። ከስፌት መኪናዋ ተነስታ እስከ በሩ ስትሄድ ዳገት እንደ ወጣ ሰው ታለከልካለች። የደም ማነስ ኪኒን ስትውጥ ዓመታት አለፉ፣ ደሟ ግን ያው ነው። አንድ ቀን ሙሽራ እየለካች ሳለ «መጣሁ፣ አንዴ» ብላ ሮጣ፣ ምስኪኗ ሙሽራ ሠላሳ መርፌ እንደተሰካባት ግማሽ ሰዓት ያህል እጇን ዘርግታ ቆማ ጠብቃታለች።

በዚህ ሁሉ ላይ ትከሳለች። ክሳቷን ግን ማንም በሽታ ብሎት አያውቅም። «ኧረ አንቺ! ቀጥነሽ እንዴት አምሮብሻል! ምን በልተሽ ነው?» ይሏታል። ምን በልታ እንደሆነ ብታውቅማ ኖሮ ምን ገዷት!

የሕመሟን ስም መጀመሪያ ያወጣላት ጎረቤቷ ጡረተኛው መምህር ነው። ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሮ ጡረታ ከወጣ ወዲህ የሰው ሆድ ያክማል። በአጥር በኩል፣ ፊቷን እንኳ ሳያይ፣ «ጨጓራ ነው» አላት። መድኃኒት ቤት ሄደች። ሻጯ የጥፍር ቀለሟን እያደረቀች «ጨጓራ ነው፣ ይቺን ዋጪ» አለቻት። ጤና ጣቢያ ሄደች። ሐኪሙ ቀና አላለም።

«ሲበሉ ይብስብዎታል?»

«አዎ፣ ግን ደግሞ...»

«ጨጓራ ነው። ቀጣይ!»

አይ ጨጓራ! በእኛ አፍ የማይገባበት ነገር የለም። ከአንገት በታች ከጉልበት በላይ ያለ ሕመም ሁሉ ጨጓራ ነው። ሰው ቢያናድደን ጨጓራዬን ላጠው እንላለን፣ ሥራ ቢበዛብን ጨጓራዬን አስነሳብኝ እንላለን። ሰባት ዓመት ሙሉ እትዬ ሜትርን «ሌላ ምን ያምሻል?» ብሎ የጠየቃት አንድ ሰው አልተገኘም። ስሙ ከተገኘ ምን ይጠየቃል?

ጨጓራ ደግሞ ሕግ አለው። በርበሬ ክልክል፣ የኮመጠጠ እንጀራ ክልክል፣ ቡና ክልክል፣ ንዴት ክልክል። መምህሩ በአጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ «መናደድ አቁሚ፣ መናደድ!» እያለ ሲያናድዳት ይውል ነበር። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል፤ የእሷ እጅ ላይ ደግሞ ሁልጊዜ መቀስ አለ፣ እሱን ግን አላሰበበትም። የሕጉ ዋና አንቀጽ ይኼ ነው፤ «ሆድሽን ባዶ አታድርጊው። ደረቅ ዳቦ ቢጤ ቀመስ ቀመስ አድርጊ።»

እዚህ ላይ ባልየው ይገባል። ባሏ ዳቦ ጋጋሪ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ምድጃ ፊት ቆሟል፣ ቅንድቡ ውስጥ ያለው ዱቄት ታጥቦ አይለቅም፣ ሽበት ይሁን ዱቄት እሱም አያውቀው። ጎህ ሳይቀድ ሥራ ይገባና ከሰዓት በኋላ ትኩስ ዳቦ በወረቀት ጠቅልሎ ይመጣል። «በእኔ ዳቦ የታመመ ሰው ካለ ጆሮዬ ይቆረጥ» ማለት ይወዳል። የሚስቱን ጨጓራ ሲሰማ አንጀቱ አልቻለም። ለእሷ ብቻ ሁለቴ ምድጃ የገባ፣ ከዳር እስከ ዳር የደረቀ፣ ስስ ስስ ተደርጎ የተቆረጠ ልዩ ዳቦ ይዞላት ይመጣ ጀመር። በባሰባት ቁጥር ይጨምርላታል። በጨመረላት ቁጥር ይብስባታል። ክፋት ቢሆን ተይዞ ይከሰስ ነበር፤ ፍቅር ሆነና ማን ይክሰሰው? እሷም ሻይዋ ውስጥ እየነከረች «እግዜር ይስጥህ» እያለች ትበላለች።

ያቺ ልጃቸው አሁን ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሰፈሩ ሚጢጢ ይላታል፣ ቤትም ሚጢጢ ናት። ትንሽ፣ ነጣ ያለች፣ እግሯ ቀጭን ሆዷ ገፋ ያለ፣ ሌሎቹ ገመድ ሲዘሉ ደረጃው ላይ ተቀምጣ የምታይ ልጅ። «በአባቷ እናት ወጥታ ነው፣ እሳቸውም አጭር ነበሩ» ተባለና ነገሩ ተዘጋ። አንደኛ ክፍል ስትገባ እናቷ የዩኒፎርም ቀሚስ ሰፍታላት፣ ስታድግ በየዓመቱ እንዲፈታ ብላ ጫፉን አራት ጣት ወደ ውስጥ አጥፋ ቀምቅማው ነበር። የሌሎች ልጆች ዩኒፎርም እያጠረ ከጉልበታቸው በላይ እየቀረ እናቶቻቸው ሲያማርሩ፣ እትዬ ሜትር «የእኔዋ ልብስ አትጨርስም፣ ትባረክ!» እያለች ትስቅ ነበር። ሦስተኛ ዓመቱን ይዞ አንድም ቀን አልተፈታም። ይኼ እንደ ቀልድ ይወራ ነበር።

ዘንድሮ የዳቦ ቤቱ ምድጃ ተሰነጠቀ። ለጥገና ሦስት ሳምንት ተዘጋ። ባልየው ቤት ዋለ፣ እንደ ባል የሞተባት ሴት አንገቱን ደፍቶ። እሷ ከማዶው ሱቅ ዳቦ ልግዛ ብትለው ብድግ አለ። «የሌላ ሰው ዳቦ ከእኔ ቤት? እኔ ሳልሞት?» ስለዚህ ሦስት ሳምንት ሩዝና ድንች፣ ድንችና ሩዝ በሉ። ማካሮኒ እንኳ ቢሆን የዱቄት ዘመድ ስለሆነ ናፍቆቱን ይቀሰቅስበታል ብላ ተወችው።

እና የእትዬ ሜትር ሆድ ዝም አለ። መጀመሪያ አላስተዋለችውም፤ ሕመም ሲመጣ ያንኳኳል እንጂ ሲሄድ ተሰናብቶ አይሄድም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቀሚሷ እንደተቆለፈ መሆኑን አየች፣ ጠዋት ከተቀመጠችበት ሁለቴ ብቻ መነሳቷን ቆጠረች። ወሬው ሰፈሩን አዳረሰና ሁሉም የድሉ ባለቤት ሆነ። መምህሩ «መናደድ ተይ ብያት ሰምታኝ ነው» አለ። የመድኃኒት ቤቷ ሻጭ «የእኔ ኪኒን ቀስ ብሎ ነው የሚሠራ» አለች። ባልየው ደግሞ ደረቱን ነፍቶ «ቤት ስለዋልኩላት ነው፣ ለካ ናፍቆት ነበር» አለ። ወይ ጉድ! ናፍቆት ሆድ ይነፋ እንደሆነ እሱ ይወቅ።

ምድጃው ተጠገነ። የመጀመሪያውን ዳቦ እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ መጣ። እሷም እንዳይከፋው አራት ቁራጭ በላች። በማግስቱ ደንበኛ የመለካት አቅም አልነበራትም።

ሰፊ ሰው ሞኝ አይደለም። ልብስ ሲበላሽ ሰፊ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ ምን ተቀየረ? ክሩ ነው ወይስ መርፌው? የደንበኞቿን ልኬት የምትጽፍበትን ደብተር አወጣችና በስተመጨረሻው ገጽ ላይ የራሷን ወገብ ጠዋትና ማታ እየለካች ትጽፍ ጀመር። ሁለት ሳምንት፤ ሁለት ቀን ዳቦ ትበላለች፣ ሁለት ቀን ባሏ ሳያይ ለጎረቤት ዶሮ ትበትናለች። ድንች የበላችበት ቀን ወገቧ ጠዋትም ማታም ያው ነው። ዳቦ የበላችበት ቀን ማታ ስድስት ሴንቲ፣ አንድ ቀን እንዲያውም ስምንት ጨመረ። ሜትር ደግሞ ይሉኝታ አያውቅም። ደብተሯን በብብቷ ይዛ ትልቁ ሆስፒታል ሄደች።

የደረሰቻት ሐኪም ገና ከትምህርት ቤት የወጣች የምትመስል ልጅ ናት። እትዬ ሜትር በዐይኗ ለካቻት፤ ትከሻ ሠላሳ ስድስት፣ ጋዋኑ ሁለት ቁጥር ይሰፋታል። ልጅቱ ግን ቀና ብላ ታያለች። «ሌላ ምን ያምዎታል?» አለቻት። ሰባት ዓመት የተጠራቀመው ወጣ። አፏ እንደሚቆስል፣ ደሟ አልጨምር እንዳለ፣ ድካሙ፣ ድርቀቱ፣ ሩጫው። ደብተሩንም አሳየቻት። ሐኪሟ ቁጥሮቹን ሁለቴ አነበበቻቸው።

«እርግጠኛ አይደለሁም፣ ግን ሴሊያክ የሚባል ነገር ሊሆን ይችላል። ስንዴና ገብስ ውስጥ ግሉተን የሚባል ነገር አለ። የአንዳንድ ሰው አካል ይጣላዋል፣ በጠቡ የሚጎዳው ግን የራሱ አንጀት ነው። አንጀት ሲጎዳ የበሉት ወደ ሰውነት አይገባም፣ የሚውጡት የደም ኪኒንም አይጠቅም።»

«ጨጓራ አይደለም?» አለች እትዬ ሜትር፣ የሰባት ዓመት ወዳጇን የቀሟት ያህል።

«መርምረን እናያለን። አንድ ነገር ግን አደራ፤ ዳቦ ያቆሙት ሰሞን ስላለ፣ አሁን ለስድስት ሳምንት በየቀኑ ይብሉ። ሳይበሉ ደም ከሰጡ ምርመራው ምንም የለም ብሎ ይሸውደናል።»

ይኼን ቤት ገብታ ስትናገር ባሏ ከነገሩ ሁሉ የሰማው ግማሿን ነው። «በየቀኑ ይብሉ አለች? አላልኩም! ሐኪም ያዘዘው ዳቦ!» ብሎ ሰፈሩን በእግሩ ዞረ። መምህሩ በአጥሩ ላይ ሆኖ «እኔም ብያለሁ» አለ። ስድስት ሳምንት ድርብ ድርብ ተሸከመላት፣ እሷም ስድስት ሳምንት ጥርሷን ነክሳ ታመመች።

የደሙ ውጤት መጣ። ሐኪሟ ወረቀቱን ወደ እሷ አዞረችው፤ ቁጥሩ መሆን ከሚገባው ብዙ እጥፍ ነበር። «የአንጀትዎን ጉዳት በካሜራ አይተን እናረጋግጣለን፣ ቀጠሮ እንያዝ» አለቻት። እትዬ ሜትር ልቧን ቀለል አላት። በሽታው ቢያንስ ስም አገኘ፣ እሷም አላበደችም። ልትነሳ ስትል ሐኪሟ ጠየቀቻት።

«ልጅ አለዎት?»

«አንዲት።»

«በዘር ይሄዳል፣ እሷም ትታይ። ሆዴን አመመኝ ባትልም። ልጆች አንዳንዴ ምንም ሳይሉ ማደግ ነው የሚያቆሙት።»

እትዬ ሜትር ተመልሳ ተቀመጠች። «ማደግ ነው ያሉኝ?» አለች። ሐኪሟ ለሰኞ ጠዋት ለልጅቱ የደም ቀጠሮ ጽፋ ሰጠቻት።

ቤት ስትደርስ ሚጢጢ ከትምህርት ቤት ገብታ ከነዩኒፎርሟ ተቀምጣለች። እናቷ ወለሉ ላይ ተንበርክካ የቀሚሱን ጫፍ ገለበጠችው። አራት ጣት እጥፋት፣ በራሷ እጅ የተቀመቀመ፣ ክሩ እንዳለ። ሜትሩን ከአንገቷ አወረደች። ከትከሻ እስከ ጉልበት ለካች፣ ከደብተሩ የዛሬ ሦስት ዓመት የልጇን ልክ የጻፈችበትን ገጽ ፈልጋ አስተያየች። ሁለት ሴንቲ። በሦስት ዓመት ሁለት ሴንቲ! የሰፈሩን ወገብ በዐይኗ የምትለካ ሴት፣ በየሳምንቱ በእጇ የምትተኩሰውን ቀሚስ አላየችውም። «ልብስ አትጨርስም ትባረክ» ስትል የሳቀችው ሳቅ ትዝ አላትና የገዛ አፏን ልትመታው ፈለገች። ተንበርክካ እንዳለች አለቀሰች።

ባልየው ያኔ ገባ፣ ትኩሱን በወረቀት ይዞ። «የታለች ሚጢጢዬ? እንኪ፣ ብዪና እደጊልኝ!» ልጅቱ ተቀብላ ገመጠች። ሚስቱ ሁሉንም ነገረችው።

«በእኔ ዳቦ?» አለ።

የቀሚሱን እጥፋት አሳየችው። ጋጋሪው ስፌት ባያውቅም ያልተፈታ ክር ያውቃል። ፊቱ ከቅንድቡ ዱቄት በላይ ነጣ። ዘወር ብሎ ዳቦውን ከልጅቱ እጅ ሊነጥቅ እጁን ሰደደ። እትዬ ሜትር እጁን ያዘችው።

«ተዋት። ሰኞ ደሟ እስኪወሰድ መብላት አለባት። ከነጠቅናት አይታይም።»

ሰውየው እጁ በእጇ እንደተያዘ ቆሞ ቀረ። ሚጢጢ አንዴ አባቷን አንዴ እናቷን አየች። ጉንጯ ሞልቷል።

«እማዬ፣ ቀሚሴን ልትፈቺልኝ ነው?»

«አዎ የኔ ልጅ፣ እንፈታዋለን» አለች እናቷ። ከዚያ ከወረቀቱ ሌላ ዳቦ አወጣችና ቆርሳ በልጇ እጅ ላይ አስቀመጠች። «ብዪ። እስከ ሰኞ ብዪ።»