መርከብ ላይ የተነገረ መርዶ

ይህ የሆነው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ ኮሎምበስ ኦሃዮ በገባሁ በሦስተኛው ዓመት ክረምት ነው። ከዚያ ዘመን ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ያኔ የምነዳት መኪና ቀለም እንኳ ያጠራጥረኛል። ይህን ግን አልረሳሁትም። በክፋት ያደረግኩት ቢሆን ኖሮ ንስሐ ገብቼ በተገላገልኩ። ያደረግኩት ግን ጽድቅ እየሠራሁ መስሎኝ ነው።

የምሠራው አፐር አርሊንግተን አጠገብ ባለ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነበር። ሽማግሌዎቹንና አሮጊቶቹን አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አበላለሁ። የምኖረው ሬይኖልድስበርግ ስለነበር ከተማውን ከጫፍ እስከ ጫፍ የማቋርጠው ከእትዬ ሙሉ ጋር ነው። እትዬ ሙሉ እዚያው መጦሪያ ልብስ ማጠቢያው ክፍል የሚሠሩ፣ በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ ሴት ናቸው። መኪና መንዳት አይችሉም፤ የሚነዳውን ሰው መምከር ግን ይችሉበታል።

ከምንከባከባቸው ሰዎች አንዷ ሚስ ዶሪስ ይባሉ ነበር። ሰማንያን አልፈዋል። አእምሯቸው የትናንቱን አይዝም፤ የጠዋቱን እንኳ እስከ ምሳ አያደርሰውም። ያሉበት ቦታ መጦሪያ መሆኑንም አያውቁም። እሳቸው ያሉት መርከብ ላይ ነው፤ ከደሴት ደሴት እየዞረ በየወደቡ የሚቆም ትልቅ የመዝናኛ መርከብ ላይ።

ከየት አመጡት እንዳትሉ። እሳቸውና ባላቸው ጡረታ ከወጡ በኋላ ክረምት በመጣ ቁጥር በዚያ መርከብ ይሄዱ ነበር። ባላቸው ሚስተር ዋልተር ጤነኛ ስለነበሩ ቤታቸው ይኖራሉ፤ በየቀኑ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ሲሆን ቀይ ኮፍያቸውን አድርገው ይመጣሉ። ከአሳንሰሩ እንደወጡ፣ "ዶሪስ፣ ዛሬ የት ደረስን?" ይላሉ። የመርከቡን ብሮሸር አልጋው ራስጌ ያስቀመጡትም እሳቸው ናቸው። ሥራ ሲቀለኝ ሦስታችን እናገላብጠዋለን።

እኔ ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው። ባሕር አይቼ አላውቅም። ያንን መርከብ ግን እንደ ተወለድኩበት ቤት አውቀዋለሁ። አሥራ ሁለት ፎቅ ነው። መካከሉ ላይ የመስታወት አሳንሰር ከታች እስከ ላይ ይመላለሳል። ዘጠነኛው ፎቅ ላይ ሁለት መዋኛ አለ፤ አንዱ መንሸራተቻ ያለው የልጆች ነው፤ ውኃው የባሕር ስለሆነ ዓይን ይቆጠቁጣል። ቲያትር ቤት አለው፣ ቤተ መጻሕፍት አለው፣ ፀጉር ቤት፣ ቁማር ቤት፣ ለታመመ ሰው ትንሽ ሆስፒታል አለው። እራት ላይ ማንም እንዳሻው አይቀመጥም፤ የእነሱ ጠረጴዛ በመስኮቱ በኩል ያለው አርባ አንድ ቁጥር ነው። አንድ ቀን ከካፒቴኑ ጋር ይበላል፤ ያን ዕለት ሚስተር ዋልተር ሳይወዱ ክራቫት ያስራሉ። በመጨረሻው ግብዣ ከበረዶ የተቀረጸ ትልቅ ወፍ በምግቡ መካከል ይቆማል። ስትተኛ ያየኸው ደሴት ስትነቃ የለም፤ ሌላ ደሴት መስኮትህ ላይ ቆሟል።

ደግሞ ካሰቡት መጦሪያው ከመርከብ ብዙም አይለይም። ኮሪደሩ ግራና ቀኝ የእጅ መደገፊያ አለው። ምግብ ቤቱ ውስጥ ሁሉም የራሱ ወንበር አለው። የቀኑ ፕሮግራም ጠዋት ጠዋት ይለጠፋል። ረቡዕ ረቡዕ ፀጉር ይሠራል። የእሳት አደጋ ልምምድ ደወል ሲደወል ሚስ ዶሪስ፣ "የመንሳፈፊያ ጃኬቴን አምጪ እንጂ!" ብለው ይቆጡኛል። ልዩነቱ፣ ከዚህኛው መርከብ የሚወርድ ሰው የለም።

ለእሳቸው እኔ የክፍላቸው አስተናጋጅ ነኝ። መርከቡ ላይ አስተናጋጆቹ ፎጣ በእንስሳ ቅርጽ እያጠፉ አልጋ ላይ ያስቀምጣሉ አሉ፤ ለተሳፋሪዎችም ያስተምሩ ነበር። የሚስ ዶሪስ አእምሮ የረሳውን እጃቸው አልረሳውም። ዝሆን አሠራር ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። እትዬ ሙሉ መጀመሪያ ያዩት ቀን፣ "እኔ አጥቤ አጣጥፌ የላክሁትን ዝሆን አደረግሽብኝ?" ብለው ሳቁብኝ።

በእምነቴ ፕሮቴስታንት ነኝ፤ ውሸት ይከብደኛል። ይህንን ግን ጨዋታ ነው ብዬ ነበር የያዝኩት። "ዛሬ ለምን አንወርድም?" ሲሉኝ፣ "ማዕበል ነው፤ ካፒቴኑ አልፈቀደም" እላቸዋለሁ። መኪና ማቆሚያውን የሸፈነውን በረዶ በመስኮት አይተው ይስማማሉ።

ፈረንጆቹ ገናን ሊያከብሩ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው ሚስተር ዋልተር ደጃቸው ላይ በረዶ ሲዝቁ ወደቁ። በዚያው አረፉ። አንድ ልጃቸው ሊንዳ ከፒከሪንግተን መጥታ ሁላችንንም ሰብስባ አነጋገረችን። ዓይኗ አብጦ ነበር። "ለእናቴ ማንም እንዳይነግራት። ከጠየቀች ዴክ ላይ ነው በሏት" አለችን። ዴክ የምትለው ዘጠነኛው ፎቅ ላይ መዋኛው ያለበትን ክፍት ሰገነት ነው። እናትየው ሳያውቁ ሚስተር ዋልተር ተቀበሩ።

ሚስ ዶሪስ በየቀኑ አምስት ሰዓት ላይ ሊፒስቲክ ተቀብተው አሳንሰሩ ፊት ይቀመጣሉ።

"ዋልተርስ?"

"ዴክ ላይ ናቸው፤ ፀሐይ እየሞቁ ነው" ይላቸዋል የተገኘው ሰው።

"ኮፍያውን አድርጓል?"

"አድርገዋል።"

"ጎሽ" ይሉና ወደ ምሳ ይሄዳሉ። በማግስቱም እንደዚያው ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ቁስል ልንገራችሁ፤ አለዚያ ያደረግኩት አይገባችሁም። ከዚያ በፊት በነበረው በጋ የአባቴን መርዶ ያረዱኝ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ናቸው። ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። በዚያ ሰዓት ሦስት ሽማግሌ በር ላይ ቆሞ ሲያይ ነገሩ የማይገባው ሐበሻ የለም። ያልገባኝ ሌላው ነው። አባቴ ከሞተ ስምንት ወሩ ነበር። ብቻዋን ናት፣ ሰው የላትም ብለው ቤተሰቦቼ ደብቀውኛል። በዚያ ስምንት ወር ውስጥ ለሞተ ሰው የደም ግፊት መድኃኒት ልኬያለሁ። ሹራብ ልኬያለሁ። ብርዱ እንዴት ነው ብዬ ጽፌለታለሁ።

ለእህቴ መራራ ደብዳቤ ጻፍኩላት። የመለሰችልኝ አጭር ነበር፤ "እኛ ባለቀስንበት ስምንት ወር አንቺ አባት ነበረሽ። እሱን ነው የሰጠንሽ።" ደብዳቤውን ቀደድኩት።

እንግዲህ ሚስ ዶሪስ ሊፒስቲክ ተቀብተው አሳንሰር ሲጠብቁ ባየሁ ቁጥር የማየው ራሴን ነበር፤ ሹራብ ስጠቀልል። መርከቡን ዋሽቼላቸዋለሁ፤ ሞት ግን ጨዋታ አይደለም አልኩ። አንድ ጠዋት መኪና ውስጥ ለእትዬ ሙሉ ነገርኳቸው።

"ልነግራቸው ነው።"

"ለማን? ምኑን?"

"ለሚስ ዶሪስ። የባላቸውን።"

"አበድሽ? ሱፐርቫይዘሯ ብትሰማ ዛሬውኑ ነው ፋየር የምታደርግሽ።"

"ታድርገኛ።"

"ልጅቷ አይነገራት ብላለች እኮ፣ ሶስና።"

"ልጅቷ አባቷን ቀብራለች፣ እትዬ። ሚስትየዋስ? ሴት ልጅ ባሏን ሳታለቅስ ትቅር?"

እትዬ ሙሉ ባላቸውን የቀበሩት ሱዳን ስደት ላይ መሆኑን አውቃለሁ። ከፍሪዌው ስንወጣ፣ "መርዶ በአንድ ሰው አይነገርም። እኔም እገባለሁ" አሉኝ።

ማክሰኞ ዕለት ሺፍታችን ሳይጀምር፣ ገና አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ገባን። እትዬ ሙሉ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰዋል። ሚስ ዶሪስ ነቅተው ነበር፤ ሲያዩኝ ፊታቸው በራ።

"ዛሬስ እንወርዳለን?"

አልጋቸው ላይ ተቀምጬ ሁለት እጃቸውን ያዝኩ። "ሚስ ዶሪስ፣ ይህ መርከብ አይደለም። ኮሎምበስ ነው ያሉት። ሚስተር ዋልተር አርፈዋል።"

ገብቷቸዋል። ከሰው ሁሉ በላይ ነው የገባቸው።

"መቼ?"

"ከገና በፊት።"

"ቀብሩ ላይ እኔ ነበርኩ?"

ይህን አላሰብኩትም ነበር። እውነት ጀምሬ የት ላቁም? "አልነበሩም" አልኳቸው።

ያለቀሱትን ለቅሶ አልነግራችሁም። እትዬ ሙሉ አቅፈዋቸው፣ "እኔን! እኔን ይድፋኝ!" እያሉ በአማርኛ ያለቅሳሉ፤ ሚስ ዶሪስ በእንግሊዝኛ። አንዷ የሌላዋን ቃል አያውቁም፤ ግን ተግባብተዋል። እኔም አነባሁ። እውነቱን ልናገርና፣ በዚያች ሰዓት ደስ ብሎኛል። ሴት ባሏን እንዲህ ነው ማልቀስ ያለባት ብዬ ነበር።

አምስት ሰዓት ላይ ሚስ ዶሪስ መጥተው አሳንሰሩ ፊት ተቀመጡ። ሊፒስቲክ አልተቀቡም።

"ዋልተርስ?" አሉኝ።

ረስተውታል። መርዶ አንዴ የሚነገር ነገር ነው፤ እንደገና ልንገራቸው? "ዴክ ላይ ናቸው" አልኩ።

የኮፍያውን አልጠየቁም። እንባቸው ወረደ። በእጃቸው ነክተው እርጥቡን ጣታቸውን አዩትና፣ "ለምንድን ነው የማለቅሰው? ሰው ሞቶብኛል እንዴ? ማን ነው የሞተው?" አሉኝ።

ወሬው ጠፍቶ ሐዘኑ ብቻ ቀርቷል። በማግስቱም፣ በሳምንቱም "ማን ነው የሞተው?" ነው። የእኛ ሰው ሲያዝን ሣልስት አለው፣ ሰባት አለው፣ ቀን እየገፋ ይጽናናል። እሳቸው ግን የሞተባቸውን ሰው ስለማያውቁ የሚጽናኑበት አልነበራቸውም። መርከቡም ጠፋ። የት ደረስን ብለው መጠየቅ ተዉ። በመስኮት መኪና ማቆሚያውን ያያሉ፤ "መኪኖች" ይላሉ።

ከሁሉ የባሰው የእኔ ፊት ነው። ስሜን አያውቁም፣ ያልኳቸውንም አያስታውሱም፤ ፊቴን ሲያዩ ግን ብርድ ልብሱን እስከ አገጫቸው ይስባሉ። "እሷ አትግባ" አሉ ለነርሷ። ለምን ስትላቸው አያውቁትም። "ክፉ ነገር ይዛ ነው የምትመጣው" ብቻ አሉ።

ቅዳሜ ሊንዳ መጣች። እናቷን አይታ ወጣችና ምን እንደተፈጠረ ጠየቀች። እኔ ነኝ አልኳት።

"ለምን?"

"በአገሬ..." ብዬ ጀመርኩ። ስለ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ስለ ሽማግሌዎቹ፣ ስለ ሹራቡ ምን ብዬ ላስረዳት? ጮኻብኝ፣ ለሱፐርቫይዘሯ ሪፖርት አድርጋኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ብሮሸሩን ከእናቷ ራስጌ አንስታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ሄደች።

በራሴ ጥያቄ ወደ ሌላው ክንፍ ተዛወርኩ። ፊቴ ባይፈለግ እጄ ይፈለግ ይሆናል ብዬ፣ በብሬክ ሰዓት ከፎጣ ዝሆን እየሠራሁ በእትዬ ሙሉ እልክላቸው ጀመር።

"ወደዱት?" እላለሁ።

"ምን መውደድ ብቻ! ትራሳቸው ላይ አስቀምጠውታል። ዛሬ ስቀዋል" ይሉኛል። ያን ቀን እህል ይበላልኛል፤ እንቅልፍም ይወስደኛል።

በረዶው ሳይቀልጥ ሚስ ዶሪስ አረፉ። እኔ አልነበርኩም። በማግስቱ እትዬ ሙሉን ፍለጋ ልብስ ማጠቢያው ገባሁ። ከማድረቂያው ጀርባ መደርደሪያ አለ። ዝሆኖቼ እዚያ ተደርድረዋል። ከአንዱ በቀር ሁሉም ነበሩ።

እትዬ ሙሉ ከኋላዬ ቆመዋል። "የመጀመሪያውን ወስጄላቸው ነበር" አሉኝ። "ሲያዩት ጮኹ። ከዚያ ወዲያ አልወሰድኩም።"

"ታዲያ ለምን ዋሹኝ?"

"መንምነሽ መንምነሽ ልታልቂብኝ ነዋ" አሉኝ።

መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። የቀደድኩት የእህቴ ደብዳቤ ቃል በቃል ትዝ ያለኝ እዚያ ነው። እትዬ ሙሉ ሁለት ወር እንቅልፍ ሰጥተውኛል። እህቴ ስምንት ወር አባት ሰጥታኛለች። ሚስ ዶሪስ በየቀኑ አምስት ሰዓት ላይ ባል ነበራቸው፤ እኔ ነጠቅኳቸው።

እትዬ ሙሉም ዛሬ የሉም፤ ነፍሳቸውን ይማር። ለእህቴ ይህን ታሪክ ነግሬያት አላውቅም፤ ስንት ጊዜ ስልክ አንስቼ ዘግቻለሁ። የዛሬ ዓመት ልጆቼ ልደትሽን በመርከብ ካላከበርን አሉኝ። ትንሿ ብሮሸር ይዛ መጥታ፣ "ማሚ፣ ኢት ሃዝ ኤቭሪቲንግ!" ሁሉ ነገር አለው እያለች ገለጠችልኝ።

አውቀዋለሁ አልኳት። የመስታወቱን አሳንሰር፣ መንሸራተቻውን፣ የበረዶውን ወፍ ሁሉንም አውቀዋለሁ። አልሄድም ስላቸው ባሕር ያስፈራታል ብለው ተዉኝ። የፈራሁት ባሕሩን አይደለም። ብሄድ ዘጠነኛው ፎቅ መውጣቴ፣ ከወጣሁም ዓይኔ ቀይ ኮፍያ መፈለጉ አይቀርም። ሳልሄድ እስከቀረሁ ድረስ ሚስተር ዋልተር ዴክ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነው። ይህቺን ለሚስ ዶሪስ ነፍጌ ለራሴ ማስቀረቴ ያሳፍረኛል።