ውሃ ልክና የዳቦው ከረጢት

እህቴን ቤት ውስጥ «ውሃ ልክ» ነው የምንላት። ግንበኛ ግድግዳ መጣመም አለመጣመሙን የሚያይበት ዕቃ ማለት ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ የተንጋደደ ነገር አይታ ማለፍ አትችልም። በእንግድነት የሄደችበት ቤት ፎቶ ካዘመመ ተነስታ ታቃናለች። አንድ ጊዜ ሐኪም ቤት መርፌ ልትወጋ ተኝታ ነርሷን «ያ ሰሌዳ ወደ ግራ አዘንብሏል» ብላታለች። ነርሷም ዞር ብላ ስታይ መርፌው ሌላ ቦታ ሊገባ ነበር።

አድጋም ይኸው አመሏ ሥራ ሆነላት፤ ግራፊክ ዲዛይነር ሆነች። መጀመሪያ ማተሚያ ቤት ተቀጥራ ነበር። አለቃዋ ግን ቦታ ሲተርፈው ፊደሉን እንደ ሊጥ ወደ ጎን ይጎትተዋል። አንድ ቀን የደከመችበትን የመድኃኒት ቤት ማስታወቂያ እንዲያ ለጥጦ ሲያትምባት «በቃኝ» ብላ ወጣች። ከዚያ በኋላ በግሌ እሠራለሁ ብላ ኮምፒውተሯን ይዛ ሳሎናችን መስኮት ሥር ተተከለች።

እዚህ ላይ ነው ጣጣው የመጣው። እኔ ጎሚስታ ነኝ። እጄ ጠቁሮ፣ ወገቤን ይዤ ስገባ ሥራ ውዬ እንደመጣሁ ሕፃንም ያውቃል። ውሃ ልክ ግን ቀኑን ሙሉ ተቀምጣ አንዲቱን ፊደል ከጎረቤቷ በፀጉር ያህል ታርቅና «ኡፍ፣ አሁን ተነፈሰች» ትላለች። እውነት ለመናገር ልዩነቱ ለእኔም አይታየኝም። ግን አልናገርም፤ ቤት ውስጥ ሰላም እፈልጋለሁ።

እማዬ ግን ትናገራለች። ሰው ደውሎ ስለ ልጅቷ ሲጠይቃት መልሷ ሁሌም አንድ ነው። «ምን ትሠራለች ብለሽ ነው? ቤት ናት።» ጉድ ያፈላችው ይቺ «ቤት ናት» የምትባል ቃል ናት። ቤት ያለ ሰው የሁሉም ነዋ! ለጎረቤት ቧንቧ ሠራተኛ በር የምትከፍተው እሷ፣ የአክስታችንን መነጽር የምታስጠግነው እሷ፣ ላይኛው ፎቅ ያለችው ሴትዮ ሕፃኗን «ለአንድ አፍታ» ብላ የምትጥልባት እሷ። ያ አንድ አፍታ ልጁ ቁርሱን፣ ምሳውንና እንቅልፉን እስኪጨርስ ድረስ ነው። እሷም አንገቷን ደፍታ ትሠራለች እንጂ እምቢ አትልም። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነበር።

በዚህ መሃል አጎታችን እሱ በሚሠራበት መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ቦታ አገኘላት። ወንበር አለ፣ ጠረጴዛ አለ፣ ማህተም አለ። እማዬ ማህተም የሚለውን ስትሰማ ፊቷ በራ። ውሃ ልክ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ተከራከረች።

«እማዬ፣ ዳቦ ቤቱ አዲስ ከረጢት አዞኛል። ታትሞ ሰው እጅ ላይ ስታዪው ሥራ መሆኑ ካልገባሽ፣ ለአጎቴ እሺ እለዋለሁ። ሁለተኛ አልከራከርሽም።»

«እሺ፣ እናያለን» አለች እማዬ። «እናያለን» በእማዬ ቋንቋ እምቢ ማለት እንደሆነ የማያውቅ እኛ ቤት የለም።

ባለዳቦ ቤቱ ደግ ሰው ነው፤ ደንበኛ ሲሆን ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ውሃ ልክ የስንዴ ዘለላ ሳለችለት። «ትንሽ ወፈር ትበል» አለ። ወፈረች። «አሁንስ ጎመን መሰለች» አለ። ከሳች። «ስሜን ትንሽ ከፍ አድርጊው» አለ። ከፍ አለ። «ትንሽ ከፍ።» እህቴ ይቺን «ትንሽ ከፍ አድርጊው» በእንቅልፍ ልቧም ትሰማታለች። ከረጢቱ ጀርባ ላይ የሚገባውን ጽሑፍ ደግሞ «እኔው ራሴ ቆንጆ አድርጌ እጽፋለሁ» ብሎ ሳይልክ ቆየ።

እንዲህ ሲሆን ዲዛይነሮች ባዶውን ቦታ በሆነ ጽሑፍ ይሞሉታል፤ እውነተኛው እስኪመጣ ቦታ ይጠብቃል። ውሃ ልክ የምትጽፈው ጆሮዋ የገባውን ነው። ጆሮዋ የሚገባው ደግሞ ከኩሽና የሚመጣው የእማዬ ድምፅ ነው።

በመጨረሻ የባለዳቦ ቤቱ ጽሑፍ መጣና አስገባችው። ኮምፒውተሯ ላይ አሁን ሁለት ፋይል ተቀምጧል። የእማዬ ድምፅ ያለበት «የመጨረሻ» ይባላል፤ የሰውየው ጽሑፍ ያለበት ደግሞ «እውነተኛው የመጨረሻ»። ለማተሚያ ቤቱ ልትልክ እጇን ስታነሳ እማዬ ከኩሽና ጮኸች።

«አንቺ፣ ቤት አይደለሽ እንዴ? ነይ ይሄን ሲሊንደር ያዢልኝ!»

ውሃ ልክ አንዱን ነክታ፣ ልካ፣ ሮጠች።

ቅዳሜ ጠዋት ባለዳቦ ቤቱ ከረጢት በብብቱ ታቅፎ፣ ዱቄት እንደነካው፣ በራችንን ሊገነጥለው ደረሰ። ሳሎን መሃል ቆሞ የከረጢቱን ጀርባ አነበበልን።

«'ተነሽና አንድ ነገር ቅመሺ። ባዶ ሆድሽን ይዘሽ እስከ መቼ ልታፈጥጪ ነው? እኔ እኮ ለራሴ አይደለም የምለፈልፈው። እኔ ስሞት ነው የሚገባሽ።' ምንድነው ይሄ? እኔ ዳቦ ነው የምሸጠው! 'ስሞት' ምንድነው? ሰዉ መርዝ አለው እንዲለኝ ነው?»

ሳቄን ለመዋጥ ጫማዬን ማሰር ጀመርኩ። ቀና ስል ግን የእህቴ ፊት አመድ መስሏል፤ ሳቄም ጠፋ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለችው። «ሁሉንም እንደገና አሳትምልሃለሁ።» ከዚያ ወደ እማዬ ዞረች። «ለአጎቴ ደውይለት። እሺ ብላለች በዪው።»

እማዬ አልደወለችም። መነጽሯን አድርጋ ከረጢቱን ከሰውየው እጅ ወሰደችና ቀስ ብላ አነበበችው።

«ይሄ እኮ እኔ ነኝ» አለች። ከዚያ ወደ እሱ ቀና ብላ፣ «ሰዉ ምን አለ?»

ሰውየው ንዴቱ ትንሽ ረገበ። «ሰዉማ እናቴ፣ አንዷ ልሰደብ አልመጣሁም ብላ ዳቦውን መለሰችልኝ። ሌሎቹ ሳቁ። አንድ ግዙፍ ሰውዬ ደግሞ አንብቦ ሲጨርስ እዚያው ቆሞ መብላት ጀመረ።»

«በላ?»

«በላ።»

«አየሽ?» አለች እማዬ፣ ለእህቴ። «የማላውቀው ሰው እንኳ ይሰማኛል። የማትሰሚኝ አንቺ ብቻ ነሽ።»

ከዚያም ያላሰብነውን አደረገች። ወንበር ጎትታ፣ ኮምፒውተሩ እዚያ ከተተከለ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ መስኮቱ ሥር ከልጇ ጎን ተቀመጠች። «'እኔ ስሞት' የሚለውን አውጪው፤ እሱ የቤት ነው። ይሄ መስመር ደግሞ ለምን ተጠጋጋ? እኔ እኮ እዚህ ጋ አረፍ ብዬ ነው የምናገረው።» ውሃ ልክ መስመሩን አራራቀችው። እማዬ አንገቷን ዘመም አድርጋ አየችው። «ይኸው፣ ተነፈሰ። አሁን ትንሽ ከፍ አድርጊው።»

እህቴ ዓይኗን ጨፈነች።

«የኔስ ጽሑፍ?» አለ ባለዳቦ ቤቱ።

«የእርስዎ ምን ይላል?»

«'ጥራት መለያችን ነው'።»

እማዬ ከመነጽሯ በላይ አየችው። እሱም አልደገመው።

የተስተካከለው ለቀጣዩ ኅትመት ሆነ፤ የታተመውንም አልጣልነውም። የስንዴዋ ሥዕል ያለበት ተለጣፊ አሠርተን፣ በማግስቱ ሦስታችን ሳሎን ወለል ላይ ተቀምጠን ያችን የመጨረሻ መስመር ስንሸፍን ዋልን። እኔ የለጠፍኩት ሁሉ እየተንጋደደ ውሃ ልክ ከኋላ ከኋላዬ እየላጠች ታቃናለች። ለጎማ የተፈጠረ እጅ ነው ብላ ሰደበችኝ። በዚህ መሃል ስልኩ ጮኸና እማዬ አነሳችው። አጎታችን ነው፤ የልጅቷን መልስ ፈልጎ ነው።

እማዬ እጇ ላይ የተጣበቀውን ተለጣፊ ልትነቅል እየታገለች፣ «አሁን አትመችም» አለችው። «ሥራ ላይ ናት። ማታ ደውልላት።»

የውሃ ልክ እጅ አየር ላይ ቆመ። ከዚያ የያዘችውን ለጠፈች። ተንጋደደ። አላቃናችውም።