የሚያነሳኝን አልመርቅም

እኛ ቤት አባባ በገዛ እጃቸው ውሃ ቀድተው ሲጠጡ ያየ ሰው የለም። ጆጉ አፍንጫቸው ሥር ቢቀመጥ እንኳ፣ እጃቸውን ሳይዘረጉ ከልጆቹ አንዱ ደርሶ ይቀዳል። ጫማቸው ከበር እስከ ፍራሻቸው በእኛ እጅ ነው የሚመላለሰው። ከገበያ ሲመጡ የያዙትን ነገር ደጃፍ ላይ ተሻምተን እንቀበላቸዋለን፤ ባዶ ፌስታልም ቢሆን። የዚህ ሁሉ ደሞዝ ምርቃት ነው። አባባ ሲመርቁ ደግሞ አይቸኩሉም፤ ከዕድሜ ጀምረው፣ በትዳር በኩል አልፈው፣ ንግድ ላይ ረጋ ብለው፣ ጀነት ያደርሱሃል። እኔና ታላቅ ወንድሜ በልጅነታችን አንዲት ብርጭቆ ውሃ ለማቀበል በክርን እንጎሻሸም ነበር። ሁለታችንም ሽበት ካበቀልን በኋላም አልተውነውም።

አባባ የሞጣ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ሱቁን ለወንድሜ ካስረከቡ ቆይተዋል፤ ግን «ነጋዴ ነበሩ» ያላቸውን ሰው ይቀየማሉ። በጉልምስናቸው የአቡጀዲ ጣቃ በግራና በቀኝ ትከሻቸው አድርገው ከመኪና ሲያወርዱ፣ ተሸካሚዎቹ ሥራቸውን ትተው ያዩዋቸው ነበር። እኔም የእሳቸው ልጅ ነኝና አግብቼ ቢቸና ስገባ ጨርቅ መቸርቸሩን ይዤ ገባሁ። ልዩነታችን እሳቸው ቆመው ሲሸጡ እኔ ተቀምጬ መሸጤ ነው።

እናታችን ወደ አኼራ ከሄዱ በኋላ እንክብካቤው ባሰ። ሐዘናችንን የምንወጣበት ሌላ መንገድ ስላላገኘን ይመስለኛል፣ ሁላችንም አባባ ላይ ተረባረብን። የወንድሜ ሚስት ካልሲያቸውን ሳይቀር ታለብሳቸዋለች። ከፍራሻቸው ሊነሱ ሲሉ ወንድሜ በብብታቸው ገብቶ ብድግ ያደርጋቸዋል። እኔም ልጠይቃቸው ከቢቸና በሄድኩ ቁጥር፣ ሁሉም እንደ እንቁላል ሲይዛቸው አይቼ ደስ ብሎኝ እመለስ ነበር።

ታዲያ አንድ ጊዜ ስሄድ አባባ መስጊድ ውስጥ በወንበር መስገድ እንደጀመሩ ሰማሁ። አቅም ላነሰው ሰው ወንበር ይፈቀዳል፤ ነውርም ኃጢአትም የለበትም። አባባ ግን ከልጅነት ጓደኛቸው ጋር ትከሻ ለትከሻ ገጥመው የሚቆሙበት ቦታ ነበራቸው፣ ከፊተኛው ሰልፍ በስተቀኝ። አሁን ከኋላ፣ ግድግዳው ሥር፣ ነጭ የላስቲክ ወንበር ላይ ናቸው። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው «ምንጣፉ ቀዘቀዘብኝ» አሉኝ። እውነቱን የነገረኝ ወንድሜ ነው። አንድ ዓርብ ለሱጁድ ግንባራቸውን መሬት ካስነኩ በኋላ መነሳት አቅቷቸው፣ ሶላቱ አልቆ ሰው ሁሉ እስኪዞር ድረስ በእንብርክካቸው ቀሩ። ወንበሩን የጠየቁት ራሳቸው ናቸው።

በማግስቱ ሻይ ስንጠጣ ሳልጠይቃቸው ተናገሩ። «ብዙ አልተመኘሁም» አሉ። «ግንባሬን መሬት አስነክቼ፣ በራሴ ጉልበት ተነስቼ፣ ከዚያ ሰውዬ ጎን መቆም ነው። ለዒድ እንኳ ብደርስ።» 

በዚያ ሰሞን ቢቸና አንድ ክሊኒክ ውስጥ አዲስ ሐኪም ገብቶ ነበር። ሽማግሌዎችን ከወንበር እያስነሳና እያስቀመጠ ይመረምራል እየተባለ ይቀለድበታል። ለአባባ ስነግራቸው «እርጅና ከመቼ ወዲህ ነው በሽታ የሆነው? ሲያልቅ አያምር ሲባል አልሰማሽም?» ብለው ተከራከሩኝ። እኔ ደግሞ ሱቄ የገባ አዲስ ጨርቅ አለ፣ አይተው ዋጋ ይቁረጡልኝ ብዬ አታለልኳቸው። ጨርቅ ከተባለ አባባ የትም ይሄዳሉ። መንገዱ ሰላም የሆነበት ሳምንት ስለነበር በሚኒባስ ይዣቸው ቢቸና ገባሁ። ጨርቁን እውነትም አዩት፣ ዋጋውንም ቆረጡ፤ ከዚያ ክሊኒክ ወሰድኳቸው።

ከአልትራሳውንዱ ክፍል ደጃፍ ያለው አግዳሚ ላይ ከነፍሰ ጡሮች መሃል ተቀመጡ። ምራቷን ይዛ የመጣች አንዲት ሴትዮ ከእግር እስከ ራስ አየቻቸውና «አባቴ፣ እርስዎም ወርዎ ገባ እንዴ?» አለቻቸው።

«ወሩስ ካለፈ ቆየ፤ ምጡ ነው የዘገየብኝ» አሏት። አግዳሚው በሙሉ ሳቀ፤ ነፍሰ ጡሮቹ ሆዳቸውን ይዘው።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ትሁት። መጀመሪያ የጭብጥን ኃይል የሚለካ መያዣ ሰጥቶ አስጨበጣቸው። ቀጥሎ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ከወንበር እንዲነሱ ጠየቃቸው። አባባ ወደ ፊት ዘንበል ሲሉ እኔ ብብታቸው ሥር ነበርኩ።

«እህቴ፣ የምለካው እሳቸውን ነው» አለኝ። ተቀመጥኩ። እንደገና ዘንበል አሉ፤ እንደገና ደረስኩ። አላህ ምስክሬ ነው፣ አስቤበት አይደለም፤ እግሬ ነው የሚሄደው። በመጨረሻ ሐኪሙ የእኔን ቦርሳና የአባባን ጋቢ ጭኔ ላይ ከምሮ አስቀመጠኝ። ያኔ አባባ ብቻቸውን ሞከሩ። ዘንበል አሉ፣ ተንቀጠቀጡ፣ ተመልሰው ተቀመጡ። ደነገጥኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ አባባ መነሳት ሲያቅታቸው በዓይኔ አይቼ አላውቅም፤ ሁልጊዜ ቀድመን እናነሳቸዋለንና።

ቀጥሎ ጭናቸው በአልትራሳውንድ መታየት ነበረበት። ለዚህ ደግሞ ሱሪያቸውን ከጉልበት በላይ መሰብሰብ ግድ ነው። አባባ እኔን አዩኝ፤ እኔም ፊቴን ወደ ስክሪኑ አዞርኩ። የአባቴን ጭን ከውጭ አላየሁም፤ ከውስጥ ግን አየሁት። ሐኪሙ ቅባቱን ቀብቶ መሣሪያውን ሲያስጠጋ ጥቁርና ነጭ ምስል ወጣ። «ይቺ ከታች ያለችው ነጭ ቅስት አጥንት ናት፤ ከሷ በላይ ያለው ጡንቻው ነው» እያለ ከጡንቻው ላይና ታች ምልክት አስቀምጦ ውፍረቱን ለካ።

አባባ አንገታቸውን አስግገው «በክንድ ነው በሜትር?» ሲሉ ጠየቁት።

«በሚሊሜትር ነው አባቴ።»

«እሱማ ምኑን ጨርቅ ሆነ» አሉ። ከዚያ ያልጠበቅነውን ጨመሩ፤ «በል ያንተን አሳየኝ።»

ነጋዴ ሳያነጻጽር አይገዛም። ሐኪሙ ስቆ የገዛ ሱሪውን ሰበሰበና መሣሪያውን ጭኑ ላይ አደረገ፤ እኔ ዓይኔን ከስክሪኑ አልነቀልኩም። የሁለቱንም ምስል ጎን ለጎን አስቀመጠላቸው። የእሱ ወፍራምና ጠቆር ያለ ነው። የአባባ ቀጭን ነው፤ መሃል መሃሉም ነጣ ነጣ ይላል። ነጣ ያለው ስብ የገባበት ነው አለ። አባባ ጨርቅ ሲገዙ እንደሚያደርጉት ዓይናቸውን አጥብበው ሁለቱን ተራ በተራ አዩ።

«ያንተ ጋቢ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «የኔ ነጠላ። እሱም ታጥቦ ታጥቦ የሳሳ።»

ሐኪሙ አልተቃወመም። ጡንቻን ከአጥንትና ከስብ ለይተው የሚለኩ ትልልቅ መሣሪያዎች በትልልቅ ከተማ እንዳሉ ነገረን፤ ነገር ግን ጭብጣቸው፣ ከወንበር መነሳት ማቃታቸውና ይህ ምስል አንድ ላይ ሲታዩ ነገሩ ግልጽ ነው አለ። ከዕድሜ ጋር የሚመጣ የጡንቻ መሳሳት ነው። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው ነገሩ፤ ሰው የሚያውቀው ከተወሰደ በኋላ ነው። ከዚያ ሐኪሙ ጥያቄ ጀመረ።

«ውሃ ማን ይቀዳልዎታል?»

«እኛ» አልኩ በኩራት።

«ጫማስ?»

«እኛ።»

«ዕቃ ይይዛሉ?»

«ኧረ እኛ እያለን!»

ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ። «እንግዲህ መድኃኒቱ ይኸው ነው፤ እናንተ ተዉ።» እንቁላልና ሥጋ፣ ወተት፣ ባቄላና ሽምብራ ይብሉ፤ በየቀኑ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ ይልመዱ፤ ዕቃቸውን ራሳቸው ይያዙ አለ። ያልሠራ ጡንቻ ይሄዳል፤ ከሠራ በዚህ ዕድሜም የተወሰነው ይመለሳል። ምን ያህሉ እንደሚመለስ ግን ቃል አልገባም።

«ለዒድ?» አሉት አባባ።

«እንሞክር» አላቸው።

ሞጣ ተመልሰን ይህን ለወንድሜ ስነግረው እንዳበደች ሴት አየኝ። «አባባ ውሃ ሲቀዱ እኔ ቁጭ ብዬ ልይ? ሰው ምን ይለኛል?» ሰውማ አለ። አንድ የገበያ ቀን አባባ የሽንኩርት ፌስታል ይዘው፣ ወንድሜ እጁን ኪሱ ከትቶ ከኋላቸው ሲሄድ አንዲት ሽንኩርት ሻጭ አየች። ፌስታሉን ከአባባ እጅ ቀምታ ቤት ድረስ አደረሰችላቸው። ስትመለስ ወንድሜን «የአባቱን እርግማን በእግሩ ሄዶ የሚፈልግ አንተን አየሁ» አለችው። ባጃጅ ነጂው ወርዶ ይደግፋቸዋል። መስጊድ በር ላይ ጫማቸውን የሚያወልቅላቸው አይጠፋም። የወንድሜ ሚስት ውሃውን ቀድታ ታቀርብና «ራሳቸው ናቸው የቀዱት» ትለኛለች። እኔም ብሆን በስልክ ሁሉንም ስቆጣ ከርሜ፣ የሄድኩ ቀን የአባባን ጫማ ይዤ በር ላይ እገኛለሁ። ከተማው ሁሉ ተባብሮ፣ በደግነት፣ አባባን ወንበሩ ላይ ሊያስቀራቸው ነበር። ዒድ እየቀረበ ሄደ። 

አንድ ቀን ሁላችንም ባለንበት ምሳ በልተን ጨረስን፤ ወንድሜም እንደ ልማዱ ሊያነሳቸው ተጠጋ። አባባ መዳፋቸውን አሳዩት።

«ስሙኝ» አሉ። «ከዛሬ ጀምሮ የሚያነሳኝን አልመርቅም። ውሃ የቀዳልኝን አልመርቅም። ጫማዬን የነካ ምርቃቴን አያገኝም። ምርቃቴ ቁጭ ብሎ ላየኝ ሰው ነው።»

 ወንድሜ የዘረጋውን እጅ የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት ቆየና በመጨረሻ ተቀመጠበት። አባባ ፍራሹን ተደግፈው፣ አንድ ጉልበታቸውን አስቀድመው፣ እያቃሰቱ ተነሱ። ረጅም ጊዜ ፈጀባቸው። ማየቱ ከማንሳቱ ይከብዳል፤ ይህን ያልሞከረው አይገባውም። ቀጥ ብለው ሲቆሙ፣ ያለ ምንም ችኮላ፣ ከዕድሜ ጀምረው እስከ ጀነት ድረስ መረቁን።

ወሬው ሱቅ ለሱቅ ዞረ። ሞጣ ላይ የሽማግሌ ምርቃት የሚንቅ የለም፤ እስላሙም ክርስቲያኑም። ሽንኩርት ሻጯ ሳትቀር እጇን አጣምራ «በርቱ አባቴ» ማለት ጀመረች። የወንድሜ ሚስት እንቁላሉን ትቀቅላለች፤ መላጡን ለእሳቸው ትተዋለች። ሱቅ ውስጥ ደንበኛ ሲመጣ ከመደርደሪያው ጨርቅ የሚያወርዱት አባባ ሆኑ፤ መጀመሪያ ነጠላ፣ ኋላ ጋቢ፣ ሲጠናላቸው ጣቃም። ጣቃውን ሲያወርዱ ወንድሜ ፊቱን ያዞራል።

ዒድ ሲቃረብ እንደገና ቢቸና አመጣኋቸው። ሐኪሙ ጭናቸውን በአልትራሳውንድ አይቶ ሲጨርስ «ኩታ ደርሻለሁ?» አሉት። ሐኪሙ አላሞኛቸውም፤ ውፍረቱ ብዙም አልጨመረም አላቸው። ጭብጣቸው ግን ጠንክሯል፤ እጃቸውን አጣምረውም ከወንበሩ ተነሱ። እኔ ቦርሳዬን አቅፌ ተቀምጬ ነበር። ደስ አለኝ፤ ይሁን እንጂ ወንበር ሌላ፣ መሬት ሌላ ነው።

የዒድ ሶላት የሚሰገደው ከከተማው ዳር ሜዳ ላይ ነው። የወንድሜ ሚስት «ለማንኛውም» ብላ ያን ነጭ የላስቲክ ወንበር አስይዛ መጣች። አባባ ወንበሩን አዩትና ወደ እኔ ዞረው «አንቺ ተቀመጪበት» አሉኝ። በዚያ ቀን የሴት ልማድ ይዞኝ ሶላት የማይጠበቅብኝ ነበርኩና ከሴቶቹ ዳር ተቀመጥኩበት። ከወንበሩ ላይ ሆኜ የወንዶቹን ሰልፍ ከጀርባ አያለሁ። አባባ ከዚያ ጓደኛቸው ጎን ቆመዋል፤ በሌላ ጎናቸው ወንድሜ አለ።

ሱጁድ ወረዱ። ኢማሙ «አላሁ አክበር» ሲሉ ሰልፉ በሙሉ ተነሳ። መሃሉ ላይ ክፍተት ቀረ። ክፍተቱ የአባባ ነበር። ያ ዓርብ ትዝ አለኝ፤ ሰው ሁሉ እስኪዞር በእንብርክካቸው የቀሩበት። የወንድሜ ትከሻ ወደ ክፍተቱ ዘንበል አለ። ሊያነሳቸው ነው አልኩ። ትከሻው ተመለሰ። እኔም የማነሳቸው ይመስል ወንበሩ ላይ ሆኜ በልቤ እገፋ ነበር። ከዚያ በክፍተቱ ውስጥ ነጭ ኮፍያ ብቅ አለ። ዝግ ብሎ ከፍ አለ፤ ቆም አለ፤ ደግሞ ከፍ አለ። ከጓደኛቸው ትከሻ ጋር እኩል ሲሆን በነጠላዬ ጫፍ ፊቴን ሸፍኜ አለቀስኩ።

ሰው መተቃቀፍ ሲጀምር ሄድ ብዬ እንዳልጠጋቸው ሕዝቡ አላሳልፍ አለኝ፤ ተመልሼ ተቀመጥኩ። እነሱ ወደ እኔ መጡ። ወንድሜ ዓይኑ ቀልቷል። አባባ አናቱ ላይ እጃቸውን ጭነው «እጅህን ስለሰበሰብክልኝ አላህ ሲሳይህን ይዘርጋልህ» ብለው መረቁት። ወንድሜ ምንም ሳያደርግ ያገኘው ምርቃት ነው፤ እንደዚያ የለፋበት ምርቃት ግን የለም።

ከዚያ አባባ ወደ እኔ ዞሩ። ወንበሩን አዩ፣ እኔን አዩ።

«አንቺስ? እጅሽን አጣምሪና ተነሺ እስቲ።»

ሳቅኩ። አጣመርኩ። ዘንበል አልኩ፤ ቢቸና ያን ሁሉ ዓመት ተቀምጬ ስቸረችር የኖርኩ ሴት ነኝና ተመልሼ ዘፍ አልኩ። ወንድሜ ሮጦ ብብቴ ሥር ገባ።

«ተዋት» አሉት አባባ።