የሙሀመድአሚን ድቤዎች

ከሚሴ ላይ ድቤ፣ ያን የመንዙማ ከበሮ፣ የሚሠራ ሰው የፈለገ ሁሉ የሚጠቆመው የሙሀመድአሚን ቤት ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ዋንዛ ሲፈለፍል፣ ቆዳ ሲነክር፣ ጠፍር ሲወጥር ኖሯል። አሁን ግን ደክሞታል፤ ወገቡም ልቡም ደክሟል።

የእሱ ድቤ ያልደረሰበት የለም። የጨፋ ሮቢቱ ሠራተኛ የእሱን አይቶ ሠራ፤ የዚያን ሰው አይቶ ሌላው ሠራ፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ሸለቆውን ይዞ ወረደ፣ ባቲም ገባ። መንዙማ ባለበት የሚመታው ወይ የእሱ እጅ ሥራ ነው፣ ወይ ከእሱ የተቀዳ። ከአባቱ የወረሰው አንድ ወግ ደግሞ አለ። አዲሱ ድቤ ከአባቱ ድቤ ጎን ተመትቶ ድምፃቸው ካልገጠመ ከቤት አይወጣም።

ችግሩ ጆሮው ነው። ከሦስት ዓመት ወዲህ ሁለቱም ድቤዎች ከሩቅ ጉድጓድ የሚጮሁ ይመስሉታል። ይህን ለሚስቱ ለዙቤይዳ እንኳ አልነገራትም። በግምት ይወጥርና ይመታል፤ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ገጥሟል ይላል። ሥራውስ ይሁን፣ ማስመሰሉ ነው የገደለው።

ለመውሊድ ድቤ ልትወስድ የባቲ ሴቶች የመንዙማ መሪ ሳቢራ መጣች። በኦሮምኛም በአማርኛም ሰላምታው ረዘመ። ከዚያ ሁለቱን ድቤዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ መታ፤ እንደ ልማዱ ራሱን ሊነቀንቅ ሲል አቅም አጣ።

«ሳቢራ፣ ወላሂ ጆሮዬ ሄዷል። ይግጠም አይግጠም አላውቅም። ያለፉትንም የላክሁላችሁ በግምት ነው፤ አውፍ በሉኝ።»

ሳቢራ ወደ ጆሮው ቀረብ ብላ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«አያ፣ እናውቃለን እኮ። በግምት ከላኩልን የመጀመሪያው ድምፁ ወፍሮ ሲመጣብን አንቱን ተሳስተዋል ማለት ነውር ሆነብን። የቀሩትን ድቤዎቻችንን ሁሉ አላልተን ከእሱ ጋር አስማማናቸው። አሁን ከባቲ እስከ ጨፋ ሮቢት የሚመታው በዚያ ነው፤ አዲስ የሚሠሩትም ያንን እየሰሙ ነው።»

ሙሀመድአሚን መደቡ ላይ ተቀመጠ። አልተናደደም፣ አልተጽናናምም። ድቤውን ያኔውኑ ቢመልሱለት ኖሮ ሦስት ዓመት ባረፈ ነበር። የአባቱን ድቤ ወደ እሷ ገፋ አደረገው።

«እንግዲያው ከእናንተ የማይገጥም የቀረው ይሄ ብቻ ነው። እሱንም ፈታ አድርጊው» አላት።

ሳቢራ እምቢ ብትለውም አልለቀቃት። ጠፍሩን አላልታ መታችው። የአባቱ ድቤ የድሮ ድምፅ ከአገሩ ሲጠፋ ሙሀመድአሚን አልሰማውም።