ከቱላ የወጣው ሚኒባስ

ሩታ ክፍሏን ለቅቃ መሄዷን ብርቅዬ የሰማችው ጠዋት ለሥራ ልትወጣ ጫማዋን እያሰረች ሳለ ነው። የነገረቻት የሩታ አከራይ ናት። ልጅቷ ፍራሿን ለጎረቤት ሰጥታ፣ ቁልፉን በሩ ላይ ትታ፣ አንዲት ሻንጣ ይዛ በማለዳ ወጥታለች። ወዴት እንደምትሄድ አልተናገረችም፤ ስልኳም ዝግ ነው። አከራይዋ ግን አንድ ነገር አይታ ነበር። ሩታን ሊወስድ በመጣው ባጃጅ ውስጥ ሁለት ሌሎች ልጆች ነበሩ፤ ከሾፌሩ ጎን ደግሞ ዮርዳኖስ ተቀምጣለች።

ብርቅዬ ይህን ስም ስትሰማ ያልታሰረውን ጫማዋን እንደያዘች አልጋው ላይ ቁጭ አለች።

ዮርዳኖስን ከማንም በላይ ታውቃታለች። የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲከፈት አንድ ልብስ ፋብሪካ አብረው ገብተው፣ አንድ ክፍል ተከራይተው፣ ከአንድ ሳህን በልተው ኖረዋል። ሁለቱም ከስፌት ማሽን ተነስተው ሱፐርቫይዘር ሆኑ። በኋላ ልብሱን አሜሪካ ያለ ቀረጥ የማስገባቱ ዕድል ሲቋረጥ ትእዛዝ ቀነሰ፤ ፋብሪካው ሠራተኛ ማሰናበት ሲጀምር መጀመሪያ የተዘጋው ዮርዳኖስ የምትመራው የስፌት መስመር ነበር። ብዙ ወራት ሥራ ፈልጋ አጣች። ከዚያ ድንገት አለባበሷ ተለወጠ፤ ስልኳም እንደዚያው። ሥራ ያጡ ልጆችን ወደ ሞያሌ እንደምትወስድና ከዚያ በኬንያ በኩል አረብ አገር እንደሚሻገሩ በሰፈሩ ይወራ ጀመር። ብርቅዬ ወሬውን ብትሰማም አላመነችውም ነበር።

ሩታ ደግሞ ለብርቅዬ እንደማንኛዋም ሠራተኛ አልነበረችም።

ብርቅዬ የሲዳማ ገጠር፣ የአርቤጎና ልጅ ናት። ሀዋሳ የመጣችው ዘመድ ቤት እያገለገለች ልትማር ነበር። ፋብሪካ በገባችባቸው የመጀመሪያ ዓመታት የፓርኩ ችግር የሥራ ሳይሆን የሰው እጥረት ነበር። ልጆቹ ይመጣሉ፣ ይሠለጥናሉ፣ ደመወዙ ከቤት ኪራይና ከምግብ እንደማያልፍ ሲያዩ ይሄዳሉ፤ ማሽኑ ባዶውን ይቀራል። ስለዚህ ፋብሪካው ሲዳምኛ የምትችለውን ብርቅዬን ከሠራተኛ መልማዮች ጋር ወደ ገጠር ይልካት ጀመር። በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ቆማ ስለ ሥራው ታስረዳለች። መልማዮቹን በጥርጣሬ የሚያዩ ወላጆች የማን ልጅ እንደሆነች ይጠይቋታል፤ የአባቷን ስም ስትነግራቸው ፊታቸው ይፈታል። በእነዚያ ዓመታት ከፓርኩ ጀርባ በቆሎ ይበቅልበት የነበረው መሬት ሁሉ የኪራይ ክፍል ተሠራበት፤ በአንድ ክፍል ሦስት አራት ልጆች ተዳብለው ይኖሩ ነበር። የብርቅዬ ባል ደምሴ እንኳን ባጃጁን የሚያሽከረክረው በሺፍት መግቢያና መውጫ ሰዓት ብቻ ነበር፤ ያ ይበቃው ነበር።

እዚያው አርቤጎና የሚኖሩት የሩታ እናት ወይዘሮ ከበቡሽ ግን በቀላሉ እሺ አላሉም። ባላቸው ሞተዋል፤ ሩታ የመጨረሻ ልጃቸው ናት። መሬቱ ለወንድሞቿ ተከፋፍሎ ለእሷ የሚተርፍ እንደሌለ ስለሚያውቁ ነው በመጨረሻ የፈቀዱት።

«ፋብሪካውን አላውቀውም» አሏት ብርቅዬን። «የማውቀው አንቺን ነው። የምሰጣት ለአንቺ ነው።»

ብርቅዬ ተቀበለች።

ያ ሁሉ ሕዝብ እንደመጣ ደግሞ ይበተን ጀመር። የሩታ መስመር ሲዘጋ ለጊዜው ነው ተባለ፤ ጊዜው ግን ረዘመ። በየግቢው በር ላይ «የሚከራይ ክፍል አለ» የሚል በኖራ ተጻፈ። ከልጆቹ አንዳንዶቹ ሰው ቤት ተቀጠሩ፣ አንዳንዶቹ መጠጥ ቤት ገቡ፣ ብዙዎቹ ወደ አገራቸው ሄዱ። የሄዱትም ብዙ አልቆዩም፤ ተመልሰው የሚያርሱት መሬት አልነበራቸውም። ብርቅዬ በቀረው መስመር ላይ በሥራዋ ቆየች። ለሩታ በየሆቴሉና በየኬክ ቤቱ ሥራ ጠየቀች፤ የለም ነበር መልሱ። ሩታ ቀስ በቀስ ስልኳን ማንሳት ተወች፤ መንገድ ላይ ስታያት ታጥፋ መሄድ ጀመረች።

ያን ጠዋት ብርቅዬ ለደምሴ ደውላ ጠራችው። በዚያ ሰሞን ሳያስፈቅዱ ከሥራ መቅረት ቦታን ለሌላ እንደ ማስረከብ ነበር፤ ሁለቱም ይህን ያውቁታል። እሷ መናኸሪያ እንሂድ አለች። ደምሴ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። መናኸሪያ ፖሊስ መታወቂያ ያያል፤ እንዲህ ያሉ መንገደኞች የሚሳፈሩት ከከተማው ወጣ ብለው ቱላ ነው አላት።

የሲዳማ አዲስ ዓመት ፍቼ ሊገባ ቀናት ብቻ ቀርተውት ነበር። በዓሉ ወደሚከበርበት ሜዳ ወደ ጉዱማሌ የሚወርዱ ወጣቶች ቄጣላ እየጨፈሩ አስፋልቱን ሞልተውት ባጃጁ መሃላቸው ቆመ። ደምሴ ክላክሱን ቢነካም ጭፈራው ዋጠው። ብርቅዬ ወርዳ ልትሮጥ በሩን ከፈተች፣ መልሳ ተቀመጠች። መንገዱ ሲከፈት ደምሴ የባጃጁን ያለ የሌለ ኃይል ተጠቀመ፤ በየጉድጓዱ እየነጠሩ ሄዱ።

ቱላ ሲደርሱ ወደ ደቡብ የሚሄድ አንድ ሚኒባስ ሞልቶ ሞተሩ ተነስቷል። ሩታ ከኋላ ወንበር መስኮት ጥግ በሻሽ ተሸፋፍና ተቀምጣለች። ከጎኗ ራሔልና ሙንተሃ አሉ፤ ሁለቱም ከእሷ ጋር ከሥራ የተሰናበቱ ናቸው። ሙንተሃ ከሁሉም ታንሳለች። ብርቅዬ በሩን ይዛ ሩታ እንድትወርድ ለመነቻት።

«ሥራ አገኘሽልኝ?» አለች ሩታ ሳታያት።

«አላገኘሁም።»

«ታዲያ ወርጄ የት ልግባ?»

ብርቅዬ በሩን አልለቀቀችም። ረዳቱ ወይ ግቢ ወይ በሩን ልቀቂ አላት። ገባች። ደምሴ ከውጭ ስሟን ሲጠራ በሩ ተዘጋ። እሱ ወዲያው ወደ ፖሊስ ሮጠ፤ ያገኘው መልስ ግን ልጆቹ በአገራቸው ውስጥ እየተጓዙ እስከሆነ ድረስ ማስቆም ይከብዳል የሚል ነበር።

መኪናው ወደ ደቡብ ሲከንፍ ዮርዳኖስ ከፊት ወንበር ተነስታ መጥታ አጠገቧ ተጠጋግታ ተቀመጠች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ እንድትወርድ ነገረቻት። ብርቅዬ ሩታ ካልወረደች እንደማትወርድ ነገረቻት።

«እኔ ማንንም አላስገደድኩም» አለች ዮርዳኖስ። «አንቺ ከገጠር አመጣሻቸው፣ እኔ ከከተማ እወስዳቸዋለሁ። ልዩነቱ ምንድን ነው?»

ብርቅዬ ይህን ጥያቄ ዛሬም ድረስ አልረሳችውም። በመስኮቱ የሚያልፈውን ጫካና የእንሰት ማሳ ተመለከተች።

«እኔ የት እንደማደርሳቸው አውቅ ነበር» አለች በመጨረሻ። «አንቺ ከሞያሌ ወዲያ ማን እንደሚረከባቸው ታውቂያለሽ?»

ዮርዳኖስ ስልኳን መነካካት ጀመረች። ከኋላ ሙንተሃ አንገቷን አስግጋ ማን ነው የሚረከበን ብላ ጠየቀች። ሰዎች አሉ አለች ዮርዳኖስ። አንድ አዛውንት መንገደኛ ዞር ብለው ልጆቹን ከላይ እስከ ታች ካዩ በኋላ የት እንደሚሄዱና ቤተሰብ ማወቁን ይጠይቁ ጀመር። ሌሎችም ማጉረምረም ያዙ። ሾፌሩ በመስታወቱ ሲያያቸው ቆየ። ወደፊት ኬላ አለ፤ እንዲህ የሚጨቃጨቅ ሰው ጭኖ ኬላ መድረስ አልፈለገም። አፖስቶ ላይ፣ ወደ ይርጋለም የሚያስገባው መገንጠያ ጋ ሲደርስ አቆመና አምስቱንም ሴቶች አስወርዷቸው ሄደ።

አቧራው ሲረጋ ዮርዳኖስ ፈንጠር ብላ ስልክ ትደውል ነበር። ብርቅዬ ሩታን ወደ እናቷ እንሂድ ብትላት ሩታ ባዶ እጄን አልሄድም አለች። የአዲስ ዓመቱን ልብስ እገዛልሻለሁ ብላ ለእናቷ ነግራቸዋለች። ልጅቷ አልቅሳ ቢሆን ብርቅዬ ይቀላት ነበር፤ ሩታ ግን ደርቃ ቆማ መንገዱን ትመለከታለች።

ብዙም ሳይቆይ ነጭ መኪና መጥቶ አጠገባቸው ቆመ። ሁለት ወንዶች ወረዱ። አንደኛው ሻንጣዎቹን አንስቶ መጫን ጀመረ። ብርቅዬ የሩታን ሻንጣ ጨብጣ አልለቅም ስትል ሰውዬው ዓይኖቿን ትኩር ብሎ እያየ ሳበው፤ ማሰሪያው ተበጥሶ እጇ ላይ ቀረ። ወጪ የወጣባቸው ናቸው፣ ነገር አታብዢ አላት። ሌላኛው እጁን ዘርግቶ ልጆቹን ስልካቸውን እንዲያስረክቡ አዘዛቸው። ሙንተሃ ወዲያው ሰጥታው ገባች።

ሩታ ስልኳን ይዛ ቀረች። ወደ ዮርዳኖስ ዞረች። «ለምንድን ነው ስልክ የሚወስዱት?»

«ለጥንቃቄ ነው» አለች ዮርዳኖስ፤ ፊቷን ግን አዙራ ነበር።

ሩታ ስልኳን ኪሷ ከተተች። ከዚያ ሻንጣዋን መኪናው ላይ እንደተጫነ ትታው መጥታ ከብርቅዬ ጀርባ ቆመች። ራሔልም ተከተለቻት። ሰውዬው አንድ እርምጃ ወደ እነሱ ሲራመድ ከይርጋለም መንገድ አንድ የጭነት መኪና ብቅ አለና ፍጥነቱን ቀነሰ። ሰውዬው ተመልሶ ገባ፤ ዮርዳኖስም ገባች። ብርቅዬ ወደ መስኮቱ ሮጣ ሙንተሃን በስሟ ጠራቻት። ሙንተሃ ዞር ብላ አየቻት። መኪናው ወደ ዲላ አቅጣጫ ተፈተለከ።

ራሔል ይርጋለም አክስት ስለነበራት እዚያ ቀረች። ብርቅዬና ሩታ ከሰዓት በኋላ አርቤጎና ደረሱ። ወይዘሮ ከበቡሽ ጓሮ እንሰት ሲፍቁ ነው ያገኟቸው። ብርቅዬ በመንገድ ላይ ያዘጋጀችው ንግግር ሁሉ ጠፋባት፤ ሥራ እንደሌለ፣ ሩታ ልትሰደድ እንደነበር፣ ሙንተሃ የምትባለውን ልጅ መኪናው ይዟት እንደሄደ፣ ከእንግዲህ እሷ ሩታን ልትጠብቃት እንደማትችል ብቻ ነገረቻቸው። አሮጊቷ እጃቸውን ታጠቡ። ልጃቸውን በልታ እንደሆነ ጠየቋት፤ ወደ ቤት አስገቧት። ከዚያ ወደ ብርቅዬ ተመለሱ።

«የዚያችኛዋ እናት ታውቃለች?» አሏት።

ብርቅዬ ሳትቀመጥ ወደ ሀዋሳ ተመለሰች።

ሙንተሃ እናት የላትም፤ የምትኖረው መሃል ከተማ የፕላስቲክ ዕቃ ከሚሸጠው ከወንድሟ ከዩኑስ ጋር ነበር። ብርቅዬ ሲመሻሽ ሱቁ ስትገባ ዩኑስ እህቱ ከሥራ ገና እንዳልተመለሰች ነገራት። መሰናበቷን አያውቅም። ሙንተሃ ከሥራ ከወጣች ጀምሮ በየቀኑ እንደ ወትሮው ምሳዋን ቋጥራ ትወጣ፣ በሺፍት መውጫ ሰዓት ትመለስ ኖሯል። ዩኑስ ሲሰማ አልጮኸም፤ የሱቁን በር ቆለፈና ብርቅዬን ይዞ ፖሊስ ጣቢያ ሄደ። ብርቅዬ መኪናውንና ሰዎቹን እንዳየቻቸው ተናገረች። የዮርዳኖስንም ስም ሰጠች። ያን ስትል አብረው የኖሩበት ክፍል ዓይኗ ላይ ድቅን አለባት።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ረጅም ነበር። ዮርዳኖስ ሞያሌ ላይ ተያዘች፤ ሙንተሃ ግን ቀድማ ተሻግራለች። ዩኑስ ሱቁን ለዘመድ አስረክቦ ሦስቴ ድንበር ድረስ ተመላለሰ። ብርቅዬ በቀረችበት ቀን ምክንያት ከሱፐርቫይዘርነት ወርዳ ማሽን ላይ ተመለሰች፤ ስልክ በጠራ ቁጥር ዩኑስ ይሆናል ብላ ትደነግጥ ነበር። በመጨረሻ ሙንተሃ ኬንያ ውስጥ ወረቀት ከሌላቸው ስደተኞች ጋር ታስራ ተገኘች። ወደ ሀዋሳ ስትመለስ ከስታ ፊቷ ጠቁሮ ነበር።

ብርቅዬ ልትጠይቃት ሄደች። ሙንተሃ ከሱቁ ጀርባ ተቀምጣ ባልዲ ትደረድር ነበር። የያዘችውን ባልዲ አስቀምጣ ቀና አለች።

«ያን ቀን ስትጠሪኝ ሰምቼሽ ነበር» አለቻት ሙንተሃ። «መያዣውን ሞከርኩት። በሩ ከውስጥ አይከፈትም።»

ብርቅዬ አጠገቧ ተቀመጠችና ባልዲዎቹን ታቀብላት ጀመር።

ሩታ ፋብሪካ አልተመለሰችም። በቡና ወቅት ከሌሎች ሴቶች ጋር ቡና ማጠቢያ ቦታ እሸት ቡና ስትለይ ትውላለች፤ ወቅቱ ሲያልፍ ከእናቷ ጋር ናት። ደስ ብሏታል ማለት አይቻልም፤ ከወንድሞቿ ጋር ስለ መሬቱ ጭቅጭቅ አለ፤ ብርቅዬ ስትደውልላት ግን ታነሳለች።

ባለፈው ዓመት ፋብሪካው ለአገር ውስጥ ገበያ የሚሆን ትእዛዝ አገኘና የተዘጉትን መስመሮች ከፊል ከፈተ። ሰው ሲያጥረው እንደገና ብርቅዬን ገጠር ሂጂ አላት። ሄደች። አርቤጎና የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ቆማ ደመወዙን፣ የቤት ኪራዩን፣ ገንዘቡ ከወር ወር እንደማያደርስ ለተሰበሰቡት ወላጆችና ልጆች ነገረች። ገዢ ከጠፋ መስመሩ እንደሚዘጋ፣ በሚዘጋበት ቀን እሷም የምትሰጣቸው ሌላ ሥራ እንደሌላት ሳትደብቅ ተናገረች። አብሯት የሄደው መልማይ ክንዷን ቢነካትም አላቆመችም። ከመጡት ወላጆች ብዙዎቹ ልጆቻቸውን ይዘው ተመለሱ። ጥቂት ልጆች ግን ቀርተው ጥያቄ ይጠይቋት ጀመር፤ አንደኛዋ ኪራይ ለአራት ቢካፈሉት ስንት እንደሚደርስ ልታውቅ ፈለገች።